ጨለማ የምትችል ተክል ፍለጋ

የፊት ክፍላችን በቀትርም መብራት ይፈልጋል። ግድግዳው ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ያለው መስኮት አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ወደ መንገዱ ነው የሚከፈተው። የሚከፈተው ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ ከዘጋሁት ቆይቷል። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ አንድ ሁለቴ ተኩስ ከሰማሁ ወዲህ ሳንቃውን ገጠምኩት፣ መቀርቀሪያውን ጣልኩት፣ ከዚያ በኋላ መስኮት መሆኑንም ረሳሁት።

ፈሪ ነኝ። መብረቅ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ የጎረቤት ድመት ቆርቆሮው ላይ ስትዘል ስመ ሥላሴ እጠራለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺን ለማስደንገጥ ሌባ አያስፈልግም፣ የድስት ክዳን ይበቃል» ይል ነበር።

አሁን ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ ነን። ልጄ ኮሌጅ ጨርሳለች፣ ሥራ ግን አላገኘችም። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ገብታ፣ ነይ ቦታ አለ፣ ክፍሉንም አብረን እንከራያለን ስትላት የልጄ ልብ ተነሣ። የእኔ ልብ ወረደ። መንገዱ መጣብኝ፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት መጣብኝ፣ የማላውቀው ሰፈርና የማላውቃቸው ሰዎች መጡብኝ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ፈልጊ አልኳት። በጥምቀት ሰሞን በዚሁ ነገር ስንነታረክ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና፦

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እኮ አረም እንኳ አይበቅልም። እኔ ምን ሆኜ ልበቅል?» አለችኝ።

ይኼ ነገር አናደደኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ብሆንም በእጄ ግን አልታማም፤ የጓሮዬን ጎመንና በሶብላ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። እዚሁ ክፍል ውስጥ አበቅልልሻለሁ አልኳት። ሣቀች፣ ከዚያ ነገሩ ውርርድ ሆነ። እስከ ፋሲካ ድረስ አንድ ተክል እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት አዲስ ቅጠል ካወጣ እሷ ትቀራለች፤ ካላወጣ እኔ ሳልነጫነጭ መርቄ እሸኛታለሁ። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው ስለነበር ምስክር አደረግናቸው። ውርርድ ቁማር ነው ብለው ይቆጡናል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ እሳቸው ግን መያዣው ቅጠል ከሆነማ ፍየል እንጂ ሰይጣን አይገባበትም ብለው ሣቁ።

መጀመሪያ ከጓሮ ጤና አዳም ነቅዬ፣ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ተከልኩ። ጤና አዳም የማይሞት መስሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሲገባ ግን አንገቱን አስረዘመ፣ ቀጠነ፣ እንደ ጾመኛ ፊት ገረጣ፣ ከዚያ ቅጠሉን አራገፈ። ልጄ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ነፍስ ይማር ትላለች። ሰው መጥቶ እሷ እንዲህ ስትል ሰምቶ ማን ሞተባችሁ ብሎ ደንግጧል።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ችግኝ ሻጯ ሄድኩ። አስፋልቱ ዳር ችግኞቿን በጥቁር ላስቲክ ደርድራ የምትቀመጥ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። እኔ ቀይ አበባ ያለውን ስጠቁም እሷ አበባውን ትታ ቤቴን ትጠይቀኛለች። የት ልታስቀምጪው ነው? በር በየት በኩል ነው? መስኮትስ አለ? አለ አልኳት። ተዘግቷል ማለቱ ትዝም አላለኝ። ፀሐይ የሚወድ ተክል ቤት ውስጥ ማስገባት በግን ዓሣ ማብላት ነው ብላ አበባውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ከዚያ ለቤት የሚሆን እንዴት እንደሚመረጥ ነገረችኝ፤ እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ የምናገረው ይኸንኑ ነው።

«በቀትር፣ መብራት ሳታበሪ መርፌና ክር ይዘሽ በቤትሽ ዙሪ። ክሩን በመርፌው ዓይን ካስገባሽ፣ እዚያ ይቺ የምትሳበዋ ሐረግ ትኖራለች። መርፌው እየታየሽ ዓይኑ ከጠፋብሽ፣ ያቺን ጦር የመሰለችውን አስቀምጪ። መርፌው ራሱ ከጠፋብሽ ግን እዚያ ፎቶ ስቀይበት።»

ጦር የመሰለችው ቅጠሏ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የሾለ ነው። ሁሉን ትችላለች፣ ቅጠል ለማውጣት ግን አትቸኩልም አለችኝ። ለፋሲካ ነው የምፈልገው ስላት ሐረጊቱን አነሣችልኝ። ቅጠሏ ልብ የመሰለ፣ ነጣ ያለ ዥንጉርጉር ያለበት፣ የምታምር ነች። ውሃ ከማጠጣትሽ በፊት ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ፣ እርጥበት ከነካሽ ተያት፤ ቅጠሏ ላይ አቧራ ሲቀመጥ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊላት ብላ መከረችኝ።

ቤት ገብቼ መርፌዬን ያዝኩ። ችግሩ ግን እኔ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሜም ክር ማስገባት አልችልም። ስለዚህ ልጄን ለመንኳት፤ ባላጋራዬን ዳኛ አደረግሁ ማለት ነው። እሷም ሳታጭበረብር ክፍሉን ጥግ በጥግ እየዞረች ሞከረች። ቁም ሳጥኑ ዘንድ መርፌው ጠፋ፣ አልጋው ራስጌ ዓይኑ ጠፋ፣ በሩ አጠገብ ብቻ ክሩ ገባ። ሐረጊቱን ጤና አዳሙ በሞተበት ጀሪካን ተክለን እዚያው በርጩማ ላይ አስቀመጥናት።

ይሁን እንጂ በር አጠገብ ማለት ገቢ ወጪው ሁሉ የሚያያት ቦታ ማለት ነው። በነጋታው አንዲት ጎረቤቴ ስትገባ ቆም ብላ፣ ውይ እንዴት ታምራለች፣ ቅጠሏ ሲያብረቀርቅ አለች። አለችና ዝም። እትፍ እትፍ አላለችም፣ እግዜር ይባርካት አላለችም፣ እንዲሁ አድንቃ ቁጭ። እስክትወጣ የሆዴን በሆዴ ያዝኩ። እንደወጣች አሮጌ ነጠላ አምጥቼ ተክሏን ሸፈንኳት። ዓይን ሰውን ከጣለ ቅጠልን ምን ያቅተዋል? ሰው ሲመጣ እሸፍናለሁ፣ ሲሄድ እገልጣለሁ አልኩ። የእኛ ቤት ደግሞ ሰው አይጠፋበትም፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። መሸፈን መግለጡ ሲሰለቸኝ ሸፍኜ ተውኳት፤ ቆይቼም ለሁሉም ይሻላል ብዬ ከበሩ አንሥቼ በተዘጋው መስኮት ሥር ወሸቅኳት። ልጄ እያየችኝ ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ዐወቅሁት።

ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ተጋመሰ። ሐረጊቱ አልሞተችም። አላደገችምም። ነጠላውን እየገለጥኩ አያታለሁ፣ ያችው ናት። የልጄ ጓደኛ መደወሏን አላቆመችም፤ ልጄም ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አየሁ። ያንኑ ቀን ተነሥቼ ችግኝ ሻጯ ዘንድ ሄድኩና፣ ጨለማ ትችላለች ብለሽ ሸጥሽልኝ እኮ ብዬ ተጣላኋት።

እንደ ሐኪም ትጠይቀኝ ጀመር። ውሃው? በጣቴ እየለካሁ። አቧራው? እየጠረግሁ። የት ናት? መስኮት ሥር። ታዲያ ምን ሆነች? መስኮቱማ ዝግ ነው አልኩ። ደግሞም ነጠላ ለብሳለች አልኩ። ለምን ነጠላ? ስለ ጎረቤቴ ነገርኳት። ሴትዮዋ የተደፋ ባልዲዋ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሣቀች። እኔ ተቀይሜ ልሄድ ስል እጄን ያዘችኝ።

«እኅቴ፣ ጨለማ ትችላለች አልኩሽ እንጂ ጨለማ ትበላለች መቼ አልኩሽ? ዓይን ከፈራሽ ማተብ እሰሪላት። ፊቷን ግን አትሸፍኚባት። መስኮቱንም ክፈቺ።»

ማተብ ማሰሩ ቀላል ነበር። ጥቁር ክር ፈትዬ ጀሪካኑ ዙሪያ አሰርኩላት። መስኮቱ ነው የከበደኝ። መቀርቀሪያው ዝጎ ስለነበር በዘይት አሸሁት፤ ሳንቃውን እጅ የሚያሾልክ ያህል ከፈትኩና እጄን ሳላነሣ ቆምኩ። ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ መቀነት ቀጭን ሆኖ ወደቀ። መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። ከደብረ ኤልያስ በኩል ዶሮ ይዘው የመጡ ሴቶች ስለ ገበያው እየተሟገቱ አለፉ። አንዲቱ በሽንቁሩ አየችኝና እንዴት ዋላችሁ ስትለኝ ደንግጬ ዘጋሁባት። ትንሽ ቆይቶ አፈርኩ፤ የእግዜር ሰላምታ ነው ያለችኝ። መልሼ ከፈትኩ፣ እሷ ግን ሄዳለች።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አሰፋሁት። ምስር የምለቅመውም እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሆነ፤ ለካ እስከዚያ ድረስ ጠጠሩን ከምስሩ ጋር ስንበላው ኖረናል። የቆሎ ተማሪዎች ሲያልፉ እጄ ላይ ያለውን እሰጣለሁ፤ አላፊ አግዳሚውን ማወቅ ጀመርኩ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን እዘጋለሁ። ጀግና ሆንኩ አላልኳችሁም።

በሰሙነ ሕማማት ሐረጊቱ ጫፍ ላይ እንደ ጧፍ የተጠቀለለች አንዲት ነገር አየሁ። ለልጄ አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ ቅጠል መሆኗን ላረጋግጥ ብዬ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ተፈታች፤ ስስ፣ ለስላሳ፣ አዲስ ቅጠል። ጠራኋት። መጣች፣ ተንበርክካ አየቻት፣ በጣቷ ጫፍ ነካቻት።

«አሸነፍሽ፣ እማዬ» አለችና ሳመችኝ።

ከዚያ ሄዳ የታጠበ ዕቃ መልሳ ማጠብ ጀመረች። ለጓደኛዋ ደውላ እንደማትመጣ ስትነግራት ሰማሁ። ሻንጣዋንም ወደ አልጋው ሥር መለሰችው። አላጉረመረመችም፤ ልጄ ቃሏን ትጠብቃለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታው ግን እንዳልበሰለ ሽሮ ሆዴ ላይ ተቀመጠ። ስቅለት ለት ስሰግድ ዋልኩና ለማመስገን ቃል አጣሁ።

በፋሲካ የንስሐ አባታችን መጡ። ዶሮው ቀርቦ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቅጠሏን አሳየናቸው። ማተቧን ሲያዩ፣ ይቺስ ክርስትና ተነሥታለች ብለው ሣቁ። እንዴት እንደበቀለች ሲጠይቁኝ መርፌውንም፣ ነጠላውንም፣ መስኮቱንም ነገርኳቸው። ልጄ ጠላ ትቀዳለች። እሳቸው አንድ ጊዜ መስኮቱን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩና ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ስትወራረዱ ይኼ መስኮት ዝግ ነበር። እኔ ጠበል ስረጭ በርጩማ መትቶኝ ቅልጥሜን አሞኝ ከርሟል። ልጅቱ ያን ጊዜ ያለችው ምን ነበር?»

«አባቴ፣ እዚህ ቤት አረም አይበቅልም ነው ያለችው» አልኳቸው።

«በቅሎ ነበር?»

 እርስዎ ምስክር ነዎት፣ ፍርዱን እርስዎ ይስጡ አልኳቸው። ምስክር አይፈርድም ብለው ወደ ወጣቸው ተመለሱ። ተቆጣሁ፤ እሳቸውን ነው ወይስ ራሴን አላወቅሁም። ሐረጊቱን አየኋት። አዲሷ ቅጠል ወደ መንገዱ ፊቷን መልሳለች። ጤና አዳሙ የሞተው፣ ይቺም በነጠላ ሥር የከረመችው ልጄ አረም አይበቅልበትም ባለችው ቤት ውስጥ ነው። ቅጠሏ የወጣችው ቤቱ ሌላ ከሆነ በኋላ ነው።

«ያሸነፈችው እሷ ናት» አልኩ።

ልጄ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። «እማዬ፣ አትፈሪም እንዴ?»

«እፈራለሁ። ሂጂ።»

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጣ ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ አንገቷን አቅፌ ያዝኳት። አባታችን ልጄን አንሥተው መረቋት፤ እኔም ተከትዬ ሳልነጫነጭ መረቅኋት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንድትሄድ ተስማማን። የዚያኑ ለት ለጓደኛዋ ደወለች፤ ስታወራ ከጓሮ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ለመንገዱ ስንቅ ድርቆሽ ሳዘጋጅላት ትእዛዜን ደረደርኩ። ሉማሜ ስትደርሺ ደውይ። ደጀን ስትደርሺ ደውይ። ዓባይን ከመውረድሽ በፊት ደውይ፣ ድልድዩን ስትሻገሪ ደውይ፣ ማዶ ስትወጪም ደውይ። ልጄ ድርቆሹን እየቀመሰች፣ እንዲህ ከሆነ ስልኬ አዲስ አበባ ሳይገባ ባትሪው ያልቃል አለችኝ። እንግዲያውስ ዓባይን ተሻግረሽ ደውይ፣ ሌላውን እኔ እደውላለሁ አልኳት።