ሙቀቱ ሳይቀድመኝ ወደ ሶር

ከመቱ የተነሳሁት በመጋቢት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓላማዬ የሶርን ፏፏቴ አይቼ፣ ዳገቱን በራሴ እግር ወጥቼ፣ ሳይመሽ ቤቴ መግባት ነበር። ለጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን ሽርሽር ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሳስብበት ቆይቻለሁ።

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል ሕመም አለብኝ። የአንጎልንና የአከርካሪን የነርቭ ሽፋን እየጎዳ መልእክታቸውን ያዛባል። ሰውነቴ ሲሞቅ ዓይኔ ይደበዝዛል፣ ግራ እግሬ ይከብዳል፤ ስቀዘቅዝ ሁለቱም ይመለሳሉ። ሐኪሙ ሙቀቱ አዲስ ጉዳት እንደማያመጣብኝ፣ ያለውን ጉዳት ግን እንደሚያባብስብኝ ነግሮኛል። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው፤ ተኝቼ ስነሳ አብሮኝ ይነሳል። ይህን ሁሉ ለሰው የመናገር ልማድ የለኝም።

የያዝኩት ይህን ነው፦ ሠፈራችን ካለው ጁስ ቤት በረዶ ያስደረግሁት ሁለት ሊትር ውሃ፣ አንገቴ ላይ የጠመጠምኩት እርጥብ ፎጣ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ዱላ፣ አራት ሙዝና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል።

አንድ ሰዓት ከሩብ

ባጃጁ በቀዩ አፈር ላይ እየዘለለ ይሄዳል። ነጂው ፎጣዬን በመስታወቱ አየና፣ "ወንድሜ፣ ዋና ልትገባ ነው?" አለኝ።

"እንደዚያ በለው።"

ግራና ቀኙ ጫካ ውስጥ ያለ ቡና ነው። ሙዝና አቮካዶ የተሸከሙ ሴቶች ወደ መቱ ገበያ ይወርዳሉ። መንገዱ ለባጃጅ የሚያበቃበት መንደር ላይ ኦቦ ዲሪባ ቆመው ይጠብቁኛል። የጫካ ቡና ገበሬ ናቸው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስለሆንኩ የተዋወቅነው ሬዲዮአቸውን ስጠግንላቸው ነው፤ ፏፏቴው ድረስ ሊያደርሱኝ በስልክ ተስማምተናል።

ሁለት ሰዓት፣ ኦቦ ዲሪባ ቤት

ከባጃጁ መንገጫገጭ የተነሳ እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ሲጨብጡኝ ይህን ልብ አሉ።

"ወባ ነው" አሉ።

አፌን ሳልከፍት ቡልኮ ደረቡልኝ፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝ፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ የገባበት ትኩስ ሻይ በትልቅ ብርጭቆ ሰጡኝ። "ላብ ይውጣህ። ያኔ ይለቅሃል።"

ነገሩ እንደሚጎዳኝ አውቃለሁ። ግን እዚህ እንግዳ የቀረበለትን አይመልስም፤ ጠጣሁ። ሁለተኛውንም ደገሙልኝ፣ ጠጣሁ።

በሰዓቴ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲሆን በሩ ነጭ ጭጋግ መሰለኝ። ልነሳ ስል ግራ እግሬ እንቢ አለና መልሼ ቁጭ አልኩ። ኦቦ ዲሪባ ስልካቸውን አወጡ። "ባጃጁ ሳይርቅ ልጥራው። መቱ ሐኪም ቤት ያድርስህ። ሶር የትም አይሄድ።"

ዝም ብል ጉዞዬ እዚያው ማብቃቱ ነበር።

"ወባ አይደለም" አልኩ። "ሕመሜ ሙቀት አይችልም። አሁን የጣለኝ ይህ ቡልኮና ይህ እሳት ነው።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አማርኛው ሲያጥረኝ በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ሲያጥረኝ በአማርኛ። አዴ ጫልቱ ቡልኮውን ገፈው ዛፍ ጥላ ሥር አወጡኝ፤ እግሬን ሳፋ ውስጥ አስገብተው ከጀሪካን የምንጭ ውሃ በራሴና በአንገቴ ላይ አፈሰሱ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን የቅጠሎቹ ጠርዝ አንድ በአንድ ተመለሰ። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩላቸው።

አዴ ጫልቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "እኔ እኮ በቁምህ ልቀቅልህ ነበር። አፍ የለህም እንዴ?"

"አለኝ፣ አዴ። አልለመደም።"

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ጫካው

ኦቦ ዲሪባ ከፊት ሆኑ። "ሱታ፣ ሱታ" ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ጉሬዛዎች ከላያችን ይዘላሉ። ብዙም ሳንሄድ መንገድ ዳር የወደቀ ግንድ ጋ ቆሙ።

"እረፍ።"

"አልደከመኝም እኮ።"

"ለዚህ ነዋ የምናርፈው። ጆንያ ተሸክመህ ከደከመህ በኋላ ብታወርደው ማን መልሶ ያሸክምሃል? ሳይደክመን ነው የምንቆመው።"

ግንዱ በሰው ወገብ ልክ ነው። ቡና ተሸካሚዎቹ ጆንያውን ሳያወርዱ እዚያ ላይ አስደግፈው ይተነፍሳሉ። ከጆንያ ብዛት ላዩ እንደ መስታወት ለስልሷል። በእጄ ዳሰስኩት። ሐኪሙ "ከመድከምህ በፊት እረፍ" ሲለኝ ለሕመምተኛ ብቻ የሚሰጥ ምክር ይመስለኝ ነበር። እዚህ ጉልበተኞቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠሩት። እንዲህ ያሉ ግንዶች እስከ ቁልቁለቱ ድረስ አራት ነበሩ፤ አራቱም ጋ ቆምን።

አምስት ሰዓት፣ ሶር

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ድምፁ በዱላዬ በኩል መዳፌ ውስጥ ገባ። የመጨረሻው ቁልቁለት ገደል ነው፤ የዛፍ ሥር እየጨበጥኩ ሃያ አምስት ደቂቃ ወረድኩ። ሰውነቴ ሞቀ። ታች ስደርስ ፊቴ ያለው ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ ላይ የለው፣ ታች የለው።

"እንዴት ነው?" አሉኝ ኦቦ ዲሪባ።

"ገና አላየሁትም።"

እጄን ይዘው ፍንጣሪው የሚደርስበት ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ሸሚዜ ራሰ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። መጀመሪያ የገደሉ ጥቁር ከንፈር ታየኝ። ቀጥሎ ውሃው ተከፈለ፤ ከሩቅ አንድ መጋረጃ የሚመስለው ለካ በብዙ ዘለላ ነው የሚወርደው። አንዳንዱ ዘለላ መሬት ሳይነካ መንገድ ላይ ጢስ ይሆናል። ዳርና ዳር ያለው ሣር አንዲት ቅጽበት እንኳን አያርፍም። በመጨረሻ ትናንሽ ወፎች ውሃውን ሰንጥቀው ሲገቡ አየሁ። እኔ በነበርኩበት ብዥታ ውስጥ ይህ ሁሉ እየሆነ ነበር። አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ። ብዙ ሰው ሶርን አይቷል፤ እንዲህ ጥቂት በጥቂት ሲገለጥለት ያየ ሰው መኖሩን እንጃ።

"አሁን አየሁት" አልኩ። ኦቦ ዲሪባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዳገቱ

ፎጣውን ነክሬ፣ ሸሚዜ እንደራሰ ተነሳን። ከመሃል በላይ ግራ እግሬ ቆመ። ኦቦ ዲሪባ ጀርባቸውን ሰጡኝ። "ና ውጣ። ከጆንያ አትከብድም።"

"ጆንያ በራሱ አይወጣም። እኔ ልሞክር።"

ሳቁና ተቀመጡ። የቀረውን በረዶ አንገቴ ላይ አደረግሁ፣ ሙዝ በላሁ፣ እግሬን ጠበቅሁት። በሃያ አምስት ደቂቃ የወረድኩትን በአንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ፣ ዘጠኝ ጊዜ አርፌ ወጣሁ። ላይ ስደርስ እጄ ዱላውን መልቀቅ አቃተው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቁልኝ እሳቸው ናቸው።

መቱ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። እሑድንና ሰኞን ከአልጋ አልወረድኩም፤ ማንኪያ እንኳን ይከብደኝ ነበር። ሰኞ ረፋድ ላይ ቴሌቪዥኑን እንድጠግንለት የሰጠኝ ደንበኛ ደውሎ ሱቄ ለምን እንደተዘጋ ጠየቀኝ። በፊት ቢሆን መብራት ጠፍቷል እለው ነበር።

"ሕመም አለብኝ፤ ቅዳሜ ሶር ወርጄ ስለነበር ዛሬ አልችልም። ረቡዕ ና" አልኩት።

"በእግርህ?"

"በእግሬ።"

"እኔ እዚሁ ተወልጄ አላየሁትም" አለ። "እስቲ ንገረኝ፣ ምን ይመስላል?"

ትራሴን አስተካክዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከገደሉ ጥቁር ከንፈር ጀምሬ ነገርኩት።