ድስቱ ውስጥ ምን ነበረ?

ዋርቲኒ እንደዚያ ሰሞን ጨንቋት አያውቅም። የመንደሩ ሹም ፓክ ሱጊማን፣ አባባ ሱጊማን እንደ ማለት ነው፣ ቁርጡን ነግረዋታል፤ እስከ ኢድ ድረስ አንባቢ ካልመጣ እሷ የምትጠብቀው ቤተ መጻሕፍት የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል። «መጽሐፉ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ ማዳበሪያዬን ዝናብ እየመታው ነው!» አሏት። እሷ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያች አንዲት ክፍል ሌላ ከሰው የምትገናኝበት ቦታ የላትም።

ከተማ ወርዳ በሠለጠነችው መሠረት ኪውአር ኮድ አሳትማ በገበያው በየመደቡ ለጠፈች። ስልክ ያለው ሰው ስካን ሲያደርገው የዋርቲኒ ድምፅ የአንድ ተረት መጀመሪያ ያነብለታል፤ ከዚያ «ቀሪው ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ኑ» ይላል። ብትጠብቅ ብትጠብቅ፣ ኧረ ወዲያ! ዝር ያለ ሰው የለም።

በገበያ ቀን ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ ልትገዛ ሄደች። ሻጯ ጊየም አኩሪ አተሩን በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ገላመጠቻት።

«እትዬ ዋርቲኒ፣ አንቺን አክብሬ ነው እንጂ ይሄን ወረቀት ቀድጄ እጥለው ነበር። ደንበኞቼን አባረርሽብኝ!»

«እኔ? ምን በደልኩሽ፣ እቴ ጊየም?»

«እዚህ እኮ እንዲህ ያለ ነገር የሚለጠፈው በስልክ ገንዘብ ለመክፈል ነው። ሾርባ ቤቱ ክፈሉ፣ መስጊዱ ክፈሉ፣ የሞተር ማቆሚያው ክፈሉ! የእኔን ከፍለው ያንቺን ሲያዩ ‹ደግሞ የምን መዋጮ መጣ› እያሉ በወዲያ በኩል ይዞራሉ።»

ዋርቲኒ ጭንቅላቷን ያዘች። «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ከታች በደቃቁ ጽፋ፣ «ስካን ያድርጉ» የሚለውን ከላይ በትልቁ ጽፋዋለች። ምን ነካኝ! አፍራ ልትገነጥለው እጇን ሰደደች።

«ቆይ እስቲ፣ ምን እንደሚል ልስማ» አለችና ጊየም ወረቀቱን ስካን አደረገችው፤ ጆሮዋ ስለሚከብድም የስልኳን ድምፅ እስከ ጥግ ከፈተችው። የዋርቲኒ ድምፅ ገበያውን ሞላው፤ «...ሙሽሪት አትንኪ የተባለችውን የአማቷን ድስት ከፈተች። ውስጡ ያለው ግን...» ከዚያ «ቀሪው ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ኑ» ብሎ ተቋረጠ።

«ምን ነበረ?» አለች ዓሣ ሻጯ ቢላዋዋን እንደያዘች።

«ውይ፣ አማትየዋ ጉድ ናት!» አለች ሌላዋ።

«አንቺ አይደለሽ ያነበብሽው? ንገሪና!» አለች ጊየም ወደ ዋርቲኒ ዞራ።

ዋርቲኒ ልትነግራቸው ምላሷን በላት። ዋጥ አደረገችው። «መጽሐፉ ውስጥ ነው። መዋጮ የለውም፣ በነጻ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እንደያዙ እየመጡ ክፍሏን አጨናነቋት። ፓክ ሱጊማን ግን ውሳኔያቸውን ገና አልሻሩም።

የኢድ ዋዜማ ላይ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ ሲያወልቁ አየቻቸውና የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«ቁልፉን ምን ላድርገው?» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለቤቴ ነች የላከችኝ። ድስቱ ውስጥ ያለውን ሳትሰማ ቤት እንዳትገባ ብላኛለች።»

«ማዳበሪያውስ?»

«ሳሎኔ አስገብታዋለች። እዚያው ይሽተት አለች።»

ዋርቲኒ ሳቋ አመለጣት፣ እንባዋም ተከተለ። ያ ሁሉ ጭንቀት ከላይዋ ሲወርድ ታወቃት። ቁልፉን ኪሷ መልሳ ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ ፓክ፣ ከመጀመሪያው ላንብብልዎት» አለቻቸው።