ከነነፍሴ ታሸግኩ

የበደለኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቄን እኔ ውስጧ እያለሁ አሸጋት።

የስብሰባ ቀን ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ሁሉም ሱቁን ዘግቶ አዳራሽ መገኘት አለበት፤ የቀረ ሰው ሱቁ ይታሸጋል። እኔ ደግሞ አንዲት አዋቂ ሴት የት እንደምትውል ሌላ ሰው ሊወስንላት አይገባም ባይ ነኝ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ መጽሐፍ ሳነብ ከውጭ የሙጫ ብሩሽ ሲሳብ ሰማሁ። እንዳልያዝ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ሊቀመንበሩና ሰዎቹ ሲሄዱ ነው ከነነፍሴ መታሸጌ የገባኝ። መቀርቀሪያውን ከፍቼ ብገፋው፣ በሩን የያዘችው ማኅተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት ናት። ግን ገፍቼ አልቀደድኳትም። ጎረቤቴን ማርታን በበሩ ስንጥቅ ጠራኋት።

«ኢየሱስ! ውስጥ ነሽ እንዴ?» አለች። «እንዳትነኪው! ማኅተም የቀደደ ይታሰራል። እኔም አልነካልሽም እህቴ፣ ልጆች አሉኝ።»

ሊቀመንበሩን ልትጠራ ሮጠች። እኔ በቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት ላብ አጠመቀኝ። ስለ ነፃነት ያነበብኩት ሁሉ አንዲት ወረቀት ለመቅደድ አላደፋፈረኝም።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ መጣ።

«እትዬ፣ ማን ውስጥ ተቀመጪ አለሽ?»

«ክፈትልኝ!»

 ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኮሚቴው ሳይሟላ አልቀድም፤ እኔም እጠየቃለሁ» አለኝ። በስንጥቁ ሳየው ማኅተሟን እንዳይነካ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል።

ያኔ እንዲህ አልኩት፦

«የለጠፍከው አንተ፣ የፈራኸውም አንተ! በል ዞር በል፤ በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።»