ሞኒተሩ አንድ ክፍል፣ ድምፁ ሌላ ክፍል

ጋምቤላ ሥራ የጀመርኩት ክልሉ ክልል ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከመቱ በጭነት አይሱዙ መጣሁ፤ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተርና መበየጃ ይበዛ ነበር። የተቀጠርኩት በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛነት ነው፤ ቢሮው ግን የሚጠገን ኤሌክትሮኒክስ አልነበረውም። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የቢሮ ኃላፊውን ቬንትሌተር ማስተካከል ሆነ። ቬንትሌተሩ እየዞረ ለእንግዶችም ይነፍስ ኖሯል፤ ወደ እሳቸው ብቻ እንዲነፍስ አድርጌ አሰርኩት። ማታ ስወጣ ጎበዝ ባለሙያ ተብዬ ነበር።

ኮምፒዩተር የመጣልን ቆይቶ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሞኒተር፣ ሲፒዩ የሚባለውን ሣጥንና ከሞኒተር ሥር የሚቀመጥ ረጅም ድምፅ ማጉያ ሰጠን። ድምፅ ማጉያው ዛሬ ልጆቹ ሳውንድባር የሚሉት ዓይነት ነበር። ሁሉም በአንድ ካርቶን መጣ፤ አብሮ ያደረው ግን ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሥልጣን ሲደለደል እቃም አብሮ ይደለደል ነበር። የቢሮ ኃላፊው የሚታየውን ወሰዱ፣ ሞኒተሩን። የፕላን ኃላፊው ፋይል የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው ብለው ሣጥኑን ወሰዱ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ድምፅ የእኔ ሥራ ነው አሉና ማጉያውን ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ለሚመጣው ሰው ሁሉ ኮምፒዩተሩ እኔ ጋ ነው ይሉ ነበር። የቢሮ ኃላፊው ሞኒተሩን ዳንቴል አልብሰውታል፤ እንግዳ ሲገባ ዳንቴሉ ይገለጣል። ለምን አይበራም ብሎ የጠየቀ እንግዳ አላየሁም።

ነገሩ የከረረው መምህር ኦሞድ ሲመጣ ነው። ኦሞድ ከአቦቦ ወረዳ በትውስት ቢሮ የመጣ አስተማሪ ነበር። በአኝዋክኛ የሚያነቡ ልጆችን ድምፅ ቀድቶ፣ ሥዕል ጨምሮበት፣ አዲስ አበባ ባለ ወዳጁ አማካይነት በሲዲ አሠርቶታል። ሥዕሉ ሞኒተሩ ላይ ይወጣል፣ አንድ ሕፃን ቃሉን ያነባል፣ ከዚያ ተማሪዎች እንዲደግሙት ዝም ይላል። ሥራውን የሚገመግሙ ሁለት እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ከወደዱት ለአቦቦና ለጎግ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ይታደላል፤ ካልወደዱት የኦሞድ ልፋት እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

«ድምፅ ከሌለ ይሄ ምንም አይደለም» አለኝ ኦሞድ። «የዶሮ ሥዕል ብቻ ነው። ዶሮ ደግሞ እንግዶቹም አገር አለ።»

ለቢሮ ኃላፊው አስረዳሁ። የድምፅ ማጉያው ገመድ የሚሰካው ሞኒተሩ ላይ ሳይሆን ሣጥኑ ኋላ ነው፤ ሦስቱን እቃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካገኘሁ ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ አልኩ። በጣም ጥሩ፣ ወደ እኔ ያምጡት አሉ። የፕላን ኃላፊው ሞኒተር ነው ወደ ሣጥን የሚሄደው አሉ። የሕዝብ ግንኙነቱ ተቃውሞ የለኝም፣ ሁለቱም እኔ ጋ ይምጡ አሉ። ስብሰባ አዳራሽ እናድርገው ብል ማን እንግዳ ተቀባይ፣ ማን እንግዳ እንደሚሆን አልስማማ አሉ። ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥርስ ብል፣ የቢሮ ኃላፊው እንደ ተሳደብኩ አዩኝ።

ሰዎቹ አልገባቸው ብሎ እንዳይመስላችሁ። ሦስቱም ከእኔ እኩል ገብቷቸዋል። እቃህን ተሸክመህ ሌላ ሰው ቢሮ ከገባህ ግን አለቃህ እሱ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ካቻቢቴ የለውም።

በመጨረሻ የቢሮ ኃላፊው «አንተ ገመድ የለህም እንዴ? ገመድ ዘርጋ» አሉኝ።

ዘረጋሁ። በቢሮ ኃላፊውና በፕላን ኃላፊው ክፍል መካከል ያለውን የቺፑድ ግድግዳ በሳሁና የሞኒተሩን ገመድ አሾለክሁ። ከሣጥኑ ኋላ ደግሞ የስልክ ሽቦ ቀጥዬ፣ በረንዳውን ሙሉ በምስማር እያያዝኩ፣ ጫፍ ላይ ያለው ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ አደረስኩት። ማጉያው ጮኸ። ሦስቱም አመሰገኑኝ፤ ለየብቻ።

እንግዶቹ መጡ። የቢሮ ኃላፊው ሚሪንዳ አስቀርበው ዳንቴሉን ገለጡ። ኦሞድ በቀዳዳው በኩል ጀምሩ አለ፣ ከግድግዳው ወዲያ የፕላን ጸሐፊ ሲዲውን ከፈተች። ዶሮ ወጣች። ዝም። ዓሣ ወጣ። ዝም። የቢሮ ኃላፊው ድምፁ በሌላ የሥራ ክፍል ሥር ነው ብለው አስረዱ። አንደኛው እንግዳ ሰዓቱን አየ። ኦሞድ ፊቱ ላይ ላብ ይወርዳል።

እንዲህ ሳለን ከውጭ ጫጫታ ተሰማ። በረንዳው ጫፍ፣ ሕዝብ ግንኙነት መስኮት ሥር፣ ዘበኛው፣ ጽዳት ሠራተኞቹና ጉዳይ ሊያስፈጽሙ የመጡ ሰዎች ተሰብስበዋል። ሕፃኑ ቃሉን ያነባል፣ ዝም ይላል፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። እየሳቁ ይደግማሉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ እንግዳው።

«ትምህርቱ ነው» አለ ኦሞድ።

ሁለቱም ሚሪንዳቸውን አስቀምጠው ወጡ። መስኮቱ ሥር ከሕዝቡ ጋር ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አንደኛው ሳያውቀው ከሰዉ ጋር መድገም ጀመረ። የቢሮ ኃላፊው ከሞኒተራቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ቬንትሌተሩ ይነፍስላቸዋል።

ሥራው ጸደቀ። ለትምህርት ቤቶቹ ኮምፒዩተር ይገዛል ተባለና ሦስቱ ኃላፊዎች ስለ ድልድሉ ስብሰባ ጀመሩ። ኦሞድ ግን ማግስቱን የቢሮውን አሮጌ ቴፕ ተሸክሞ መጣና ድምፁን ብቻ ወደ ካሴት እንዳወጣለት ለመነኝ። የሣጥኑን የድምፅ ቀዳዳ ከቴፑ ጋር አገናኝቼ ቀዳሁለት።

«ሥዕሉስ?» አልኩት።

«ዶሮ ያውቃሉ» አለኝ። «ካሴት ደግሞ ለሦስት አይከፈልም።»

በዚያው ሳምንት አቦቦ ገባ፤ ልጆቹ በካሴት ተማሩ። የኮምፒዩተሩ ስብሰባ እኔ ጡረታ ስወጣም አላለቀም ነበር።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ የድምፅ ማጉያ ገመድ የሚሰካው ሣጥኑ ኋላ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት ሣጥኑ ማን ቢሮ እንዳለ ጠይቁ።