አሳማው የትኛው ክር ነው?

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ርዕሰ መምህሩ አቶ ደረጀ ትምህርት ቤቱን አስጎበኙኝ። ትምህርት ቤት የምንለው አርድ ኤል ሊዋ በሚባል፣ ሐበሻ ስደተኞች በሚበዙበት የዐረብ አገር ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተከራየነው ቤት ስለሆነ ጉብኝቱ ቶሎ አለቀ። ማድ ቤቱ ቢሮ፣ ሳሎኑ ስምንተኛ ክፍል፣ በረንዳው ደግሞ ቤተ ሙከራ ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕና የአከራያችን የልብስ ማስጫ ገመድ አገኘሁ።

"ገመዱን እንዳትነኪ" አሉኝ።

"ማይክሮስኮፑንስ?"

"እሱ ተሰብሯል። ለኮሚቴው ግን ገና አልነገርንም።"

የሥልጣን እርከኑን ላስረዳ። ሳይንስ፣ ሒሳብና ቋንቋ የምናስተምር ሦስት መምህራን ነን። ከእኛ በላይ ርዕሰ መምህሩ፣ ከእሳቸው በላይ የወላጆች ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ምክትል ጸሐፊና የበላይ ጠባቂ አለው። ለአንድ መምህር ከአንድ በላይ አለቃ ይደርሰዋል ማለት ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች ዐውደ ርእይ እናቀርባለን። የእኔ ክፍል ሳይቶክሮም ሲ የተባለውን ፕሮቲን እንዲያሳይ ወሰንኩ። ይህ ፕሮቲን በሴሎቻችን ውስጥ ኃይል በሚመረትበት ክፍል፣ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይሠራል። ሰውም፣ ፈረስም፣ ስንዴም፣ እርሾም አላቸው። የሰው ሳይቶክሮም ሲ አንድ መቶ አራት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ በተርታ የተሰኩበት ሰንሰለት ነው። የሁለት ፍጥረታትን ሰንሰለት ጎን ለጎን አድርገን ልዩነቱን ስንቆጥር ዝምድናቸውን እንገምታለን። ቱና የሚባለው ዓሣ ከሰው ጋር የሚለያይባቸው ቦታዎች ሃያ ገደማ ናቸው፤ የእርሾው ከአርባ ይበልጣሉ።

እንደ ዶቃ ካልኩ አይቀር ዶቃ ገዛሁ። የአሚኖ አሲዶቹ ዓይነት ሃያ ነው፤ አታባ ገበያ የተገኘው ቀለም ግን ዐሥራ አራት ብቻ ነበር። ሻጩ "ማሌሽ"፣ ምንም አይደል፣ ብሎ ጉድለቱን በቅርጽ እንዳሟላ መከረኝ። ለቀሩት ስድስቱ ክቡን ትቼ ረዘም ያለ ዶቃ ወሰድኩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፍጥረት ሰጠሁ። ተማሪዎቹ የአሚኖ አሲዶቹን ተርታ ከያዘው መጽሐፍ እየተነበበላቸው ክፍል ውስጥም፣ ማታ ቤታቸውም ሰኩ፤ በክሩ ጫፍ ላይም ስሙን በወረቀት ፕላስተር ለጠፉ።

እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። የላም፣ የበግና የአሳማ ሳይቶክሮም ሲ አንድ ነው። ተመሳሳይ ማለቴ አይደለም፤ አንድ ነው። በጉ የደረሳት ተማሪዬ ሂክማ ማታ ለአባቷ ለሐጂ ኑር "አባዬ፣ የእኔ በግ ከአሳማው ምንም አይለይም" ብላ በደስታ አወራች። ሐጂ ኑር የኮሚቴው የበላይ ጠባቂ ናቸው።

በማግሥቱ ተጠራሁ። አቶ ደረጀ በሩ ላይ ጠብቀው "አደራሽን፣ አታስረጂ። ዝም ብለሽ አዎ በይ" አሉኝ። ሰብሳቢው ጋሽ ተሰማ ጉዳዩ በሽምግልና እንዲያልቅ ወስነው ነበር። እሳቸው ያለ ሽምግልና የመብራት አምፖል እንኳ አያስቀይሩም።

"ሁለቱንም ወገን እንሰማለን" ብለው ጀመሩ። "መምህርት፣ በበጉና በአሳማው መካከል ስንት ልዩነት አለ ትያለሽ?"

"ምንም የለም።"

"ሐጂስ?"

"ከሃያ አያንስም" አሉ ሐጂ ኑር።

"እንግዲህ በዐሥር እንገላገል።"

"ኧረ ጋሽ ተሰማ፣ ይሄ እኮ የቤት ኪራይ አይደለም" አልኩ።

"የቤት ኪራይስ መች ሲቀንስ አየሽ?" አሉኝ።

ሐጂ ኑር ለስለስ አሉ። "ልጄ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። አንድ ዶቃ ብቻ ቀይሪለት። አንድ ዶቃ ምን ያመጣል?"

"ሐጂ፣ እርስዎን ሪሰስ ከሚባለው ጦጣ የሚለይዎት እኮ አንድ ዶቃ ነው" አልኩ። አቶ ደረጀ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። የቺምፓንዚው ልዩነት ዜሮ መሆኑን ገና አልተናገርኩም ነበር።

ከዚያ ጋሽ ተሰማ ውሳኔ አሳለፉ፤ የአሳማው ክር ከዐውደ ርእዩ ይወጣል። ካልወጣ የሳይንሱ ክፍለ ጊዜ ይዘጋና ሰዓቱ ለመዝሙር ይሰጣል፣ እኔም እሰናበታለሁ። ጋሽ ተሰማ ክርስቲያን ናቸው፤ ምክትላቸውም ክርስቲያን ነው። ጸሐፊውና ሐጂ ሙስሊሞች ናቸው። የጾምና የበዓል ቀን ሲመጣ ለስብሰባ ሰዓት እንኳ አይስማሙም። አሳማው ላይ ግን በአንድ ድምፅ ተስማሙ። እኔም ክፍሌ እንዳይዘጋ ብዬ እሺ አልኩ።

የዐውደ ርእዩ ዕለት፣ አሳማውን እዚያው ስንሰቅል አወጣዋለሁ ብዬ፣ ክሮቹን በሙሉ በካርቶን ሞልተን ፋይሰል ሰፈር ወደተከራየነው አዳራሽ በቱክቱክ ባጃጅ ወሰድናቸው። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ መንገዱም ያው የምታውቁት ነው። ካርቶኑን ስከፍት ፕላስተሩ በሙሉ ረግፎ ከታች ተከምሯል። አልደነገጥኩም። ዶቃቸውን ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየሁ ፈረሱን፣ ዶሮውን፣ ስንዴውን ለይቼ ሰቀልኩ፤ የሰውንና የቺምፓንዚውን በግምት ሰይሜ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። የቀሩት ሦስት ክሮች ነበሩ።

ሐጂ ኑርና ጋሽ ተሰማ ውሳኔው መፈጸሙን ሊያረጋግጡ ገቡ። ወላጆች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

"የታለ አሳማው?" አሉ ሐጂ።

"ከሦስቱ አንዱ ነው።"

"የትኛው?"

"አላውቅም።"

"አስተማሪ ሆነሽ እንዴት አታውቂም?"

"ሐጂ፣ ልዩነት የላቸውም ያልኳችሁ እኮ ይሄንኑ ነው።"

አላመኑኝም። መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱን ክሮች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና በጣታቸው ዶቃ በዶቃ ማመሳከር ጀመሩ። ጋሽ ተሰማ ከጎናቸው ጎንበስ ብለው ይቆጣጠራሉ። እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያ ከሌላኛው ጫፍ ጀመሩ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አንዱን ላውጣና እንገላገል" አሉ በመጨረሻ፣ መካከለኛውን አንስተው።

ሂክማ እዚያው ቆማ ነበር። "አባዬ፣ እሱ የእኔ ቢሆንስ?"

"ያንቺን አታውቂውም እንዴ?"

"በምን አውቀዋለሁ?"

ሐጂ ክሩን አገላብጠው አዩት። ልጃቸው ያንን በግ ስትሰካ ስንት ምሽት እንዳስቸገረቻቸው ያስታወሱ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት።

"ሦስቱም ይሰቀሉ" አሉ።

"ስማቸውስ?" አልኩ።

"አሳማ የሚለውን የት ልትለጥፊው ነው?"

"የትኛውም ላይ ብለጥፈው ትክክል ነው።"

ሐጂ ከካርቶኑ ሥር "በግ" የሚለውን ወረቀት ፈልገው አንደኛው ክር ላይ ራሳቸው ለጠፉና ለሂክማ ሰጧት። "አሳማ" የሚለውን አልነኩትም፤ ካርቶኑን በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። እኔም በሩ ሲከፈት የሚሸፍነው ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ክር ላይ ለጠፍኩት። ጋሽ ተሰማ ለወላጆች ባደረጉት ንግግር አለመግባባቱ "በሽምግልና ተፈቷል" ብለው አበሠሩ። የሳይንሱ ክፍለ ጊዜም አልተዘጋም። ከሰው ክር አጠገብ ስለተሰቀለው ቺምፓንዚ ግን ማንም አልጠየቀም።

አሁን ሥራ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ክሮቹን ያለ ስም እሰቅላለሁ። ጎብኚው መጀመሪያ ዶቃውን ይቆጥራል፤ ስሙን የምሰጠው ቆጥሮ ሲጨርስ ነው። ፕላስተሩንም በተሻለ ቀይሬዋለሁ።