ከበረዶው ተራራ ሥር

አናጢውን ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ትንሽ ነው፣ ሲሠራ እቃ ያነሰ ይመስል። ስሙ የወጣለት እንጨት እያንኳኳ ስለሚያዳምጥ ነው። ጣቱን አጥፎ ኳ ኳ ያደርግና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። ከዚያ «ይሄ ጤነኛ ነው»፣ ወይም «ይሄ ውስጡ ሄዷል» ይላል፣ አለቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳስቶ አያውቅም። ሐኪም ቤቱ መሣሪያ ከሚገዛ ጆሮን ይቅጠር እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ችግሩ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ጆሮ አይሰማም። ግራው ጭራሽ ጠፍቷል። ቀኙ ደግሞ እንደ ቢሮ ሰው ነው፤ ደስ ሲለው ያስተናግዳል፣ ሳይለው ይዘጋል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ያወቀችው ስትነዘንዘው ፈገግ ማለት ሲጀምር ነው። ለሰው ንገር ብትለው፣ ማን ሥራ ይሰጠኛል ብሎ አስማላት። ሌላው ሰው ሲያወራው አፍ አፉን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ አድርጎ ሁለት ቁም ሳጥንና አንድ ሙሉ ኩሽና ሠርቷል።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑ ለገና ዝግጅት መድረኩ ላይ የበረዶ ተራራ ሥራልን አለው። የመዘምራኑ መሪ ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችው፤ ነጭ ተራራ፣ ነጭ ዛፍ፣ ሰው የሌለበት ነጭ ሜዳ። በረዶ አይተህ ታውቃለህ ወይ ስትለው፣ ፍሪጅ ውስጥ አይቻለሁ አለ፣ ሳይስቅ። ተራራው ባለ ሦስት ደረጃ ሆኖ ሃያ አራት ሰው ይቆምበታል። ጫፉ ላይ የመልአክ ክንፍ አድርጋ የምትዘምረው የራሱ የመጨረሻ ልጅ ናት።

ጽሕፈት ቤቱ ከፈረሰው አሮጌ አዳራሽ የተረፈ እንጨት ሰጠው። ሁሉንም ደረጃ የሚሸከመውን ወፍራሙን አግዳሚ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከበውት እንደ ቆሙ አንኳኳ። ምንም አልሰማም። እነሱ ግን አፉን እያዩ ነበር።

«ጤነኛ ነው» አለ።

በአራት ቀን አቆመው። የፍራሽ ስፖንጅ ቦጫጭቆ፣ ጥጥ ዘርግቶ፣ ነጭ አንሶላ አለበሰው። ያየ ሁሉ ብርድ ብርድ አለኝ አለ። ምሳውን አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ሲበላ ከጫፉ አንዲት የስፖንጅ ብናኝ ወደቀች። ቀጥሎ ሌላ። መስኮቱ ዝግ ነው። ጉርሻውን ይዞ ቆየና፣ አይጥ ነው አለ ለራሱ። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ግን እዚያ ጋ አልጠርግም ብላ መጥረጊያዋን ጣለች፤ ተራራው እንደ ሆድ ታማሚ ያቃስታል አለች። ሰው ሳቀባት። እሱም ሳቀ፣ ሌሎቹ ስለሳቁ።

ማታ በራት ላይ ልጁ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ስቆምበት ይጮኻል።»

«አዲስ ሥራ እስኪለምድ ነው።»

«እንጨቱ እኮ አሮጌ ነው።»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው። እሱ ውሃ ጠጣ።

የመጨረሻው ልምምድ ዕለት ወላጆች አዳራሹን ሞሉት። መቀመጥ አልሆነለትም፤ በጀርባ በኩል ዞሮ፣ አንሶላውን ገልጦ ከተራራው ሥር ገባ። የላላ ምስማር ሊመታ ሁለት እጁን ሲፈልግ መሮውን በጥርሱ ነከሰ። የመሮው ጫፍ አግዳሚውን ነካ። ድምፁ በጥርሱ ገብቶ ራስ ቅሉ ውስጥ ቁጭ አለ፤ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሲቀደድ ያለው ዓይነት፣ ረጅም። በዓመት ውስጥ ጥርት ብሎ የሰማው ነገር እሱ ብቻ ነው።

መዘምራኑ ወጥተው ቆመዋል። ውረዱ ብሎ ጮኸ፤ ምን ያህል እንደጮኸ ግን አያውቅም። ላይ ሃያ አራት ሰውና ኪቦርድ አለ፣ ማን ይስማው። አግዳሚውን በእጁ ቢዳስስ ስንጥቁ ጣቱ ሥር ይከፈታል። ወጥቶ ልንገር ቢል፣ እስኪዞር ድረስ ልጁ ጫፉ ላይ ናት። ትከሻውን ከሥሩ አስገባና ተሸከመ።

መሪዋ ደግሞ መዝሙር ካማረላት አዝማቹን ሦስት ጊዜ የምታስደግም ሴት ናት። አፉ ጥጥ ሞላ። ቆይቶ ክብደቱ ቀለል አለ፣ ግን ሁሉም ይውረዱ ወይ ቆመው ይጸልዩ ምን ያውቃል።

አንሶላው ተገለጠ። ልጁ ከነክንፏ በርከክ ብላ አፏን ታንቀሳቅሳለች። ጨለማ ስለሆነ ከንፈሯ አይነበብም። ራሱን ሊነቀንቅ ትንሽ ቀረው።

«አይሰማኝም» አለ። «ልጄ፣ እኔ ጆሮዬ ከጠፋ ዓመት ሆኖታል። እንጨቱ ተሰብሯል። ላይ ሰው አለ?»

ቀና ብላ ላዩን አየች። ከዚያ ሦስት ጣት አሳየችውና ሮጠች።

አንዱ ሲወርድ በትከሻው ተሰማው። ሁለተኛው። ሦስተኛው ቆየ፤ ለካ ፓስተሩ ናቸው፣ ጫፉ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። እሳቸውም ሲወርዱ በእንብርክኩ ወጣ። ተራራው ሳይቸኩል ወገቡ ላይ ታጠፈ፣ ነጩ ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

መሪዋ ከኋላው መጥታ ደጋግማ ጠየቀችው። ወደ እሷ አልዞረም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ፊት ለፊቱ ሆነሽ ተናገሪ» አለቻት ልጁ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። «አባቴ አይሰማም።»