ሙሽራው ኮምፒውተርና የልጄ ስፌት መኪናዎች

አማቼን፣ የልጄን ባል፣ ሰፈሩ «መሐንዲስ» ይለዋል። መሐንዲስ አይደለም፤ ሌሎች የነደፉትን ቤት በኮምፒውተር ሥሎ፣ ገና ሳይሠራ እንደተሠራ አድርጎ የሚያሳይ ሰው ነው። መሠረቱ ሳይቆፈር ባለቤቱ ሳሎኑን ያያል።

አንዲት ክፍል ከልጄ ጋር ተካፍለው ይሠሩባት ነበር። በመስኮቱ በኩል የልጄ ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ በግድግዳው በኩል የእሱ አሮጌ ኮምፒውተር። አሮጌው ዘገምተኛ ነበር። አማቼ መስመሩን ሥሎ ሲጨርስ ደንበኛውን ይጠራና፣ «በደንብ ይዩት፤ በሩ እዚህ ይሁን? አንዴ ኮምፒውተሩ ከጀመረው አይለወጥም» ይለዋል። ሰውየው አስቦ፣ ለሚስቱ ደውሎ፣ ይወስናል። ከዚያ ኮምፒውተሩ መስመሩን ቀለምና ብርሃን ሲያለብስ እስከ ማግስቱ ይቆያል። «እየበሰለ ነው» ይላሉ በሥራቸው ቋንቋ። እሱ ሲበስል አማቼ ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋር ራት ይበላል።

ግን ዝግመቱ አንገበገበው። አንዳንዴ መሐል ላይ ቀጥ ይልና ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል።

«ፈጣኑን ብገዛ በጊዜ ጨርሼ በጊዜ እገባለሁ» አላት ልጄን። «ያንቺንም መኪናዎች ዓመት ሳይሞላ እመልሳለሁ።»

«መጀመሪያ ይሸጡ ማለትህ ነው?»

የአሮጌውን ኮምፒውተር አቧራ በእጁ ይጠርግ ጀመር። ነገሩ ገብቷት ሸጠችለት።

እኔን ማን ጠይቆኝ! «አንተ ልጅ፣ እሷስ በምን ትሰፋለች?» ብቻ አልኩት።

«ለጊዜው ነው፣ እማማ።»

ለጊዜው የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚኖር በዕድሜዬ አይቻለሁ።

ፈጣኑ ኮምፒውተር መጣ። ጥቁር፣ ሆዱ መስታወት፣ ውስጡ መብራት፣ ሁለት ሰው የተሸከመው። አቧራ እንዳይነካው ልጄ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ልብስ ሰፋችለት፤ መኪና ስለሌላት በእጇ። «ሙሽራው» ብላ ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። «እኔማ ሚዜ ሆኜ ቀረሁ» ብላ ሳቀች። ሳቋ አላማረኝም።

እውነት ለመናገር ሙሽራው አልዋሸም። እስከ ማግስቱ ያስጠብቅ የነበረው ሥራ፣ አማቼ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ይወጣል። ስህተቱ ይህን ለደንበኛ ማሳየቱ ነው። ደስ ብሎት አንዱን ባለሕንፃ አጠገቡ አስቀምጦ «ይኸው!» አለው።

የባለሕንፃው ዐይን በራ። «እስቲ በሩን ወደዚያ አድርገው።» ተደረገ። «ቀለሙንም።» ተደረገ። «አይ፣ የበፊቱ ይሻል ነበር።»

ከዚያ ወዲህ የሚወስን ሰው ጠፋ። ለምን ይወስናሉ? አያስጠብቃቸው፣ አያስከፍላቸው። ሚስት ትመጣለች፣ የሚስት ወንድም ይመጣል፤ ልጄ ትሰፋበት በነበረው ቦታ ወንበር ስበው ያዛሉ። ክፍያው ግን ያው ነው። እንዲያውም «የሚሠራው ማሽኑ፤ አንተ ምን ለፋህ?» ብሎ የቀነሰበት አለ።

በጊዜ እገባለሁ ያለው ሰው ልጆቹ ተኝተው ይገባ ጀመር። ልጄ ደግሞ መንገድ ማዶ ካለችው ሴት ዘንድ ተቀጠረች። የልጄን መኪናዎች የገዛችው ያችው ሴት ናት። ዓመቱ ሞልቶ አለፈ፤ እመልሳለሁ ያለውን እሱም አላነሳው፣ ልጄም አላነሳችበት።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ብሄድ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ባለሕንፃው ከመኪናው ወረደ።

«ደረሰ?»

«እየበሰለ ነው፤ ነገ ይምጡ።»

«ያ ጉደኛ ፈጣኑስ?»

«አሞታል።»

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። እኔ ገባሁ። ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል።

«አልቆ የለም እንዴ?»

«ትናንት አለቀ፣ እማማ። ዛሬ ከሰጠሁት ደረጃውን አሥር ጊዜ ያስዞረኛል።»

«ታዲያ አሮጌው ምን አጠፋ?»

ጎንበስ አለ። የስፌት መኪናዎቹ እግር ሲሚንቶው ላይ ትቶት የሄደውን ነጭ ምልክት በጣቱ ዳበሰ። ስልኩ ጮኸ፤ እንደሱ በኮምፒውተር የሚሥል ጓደኛው ነው፤ ያን ዓይነት ኮምፒውተር ሊገዛ አስቦ፣ ያዋጣ እንደሆነ ይጠይቀዋል።

«ማሽኑማ ያዋጣል» አለው አማቼ። «ለማን እንደሚያዋጣ ነው እንጂ።»

የዚያን ዕለት በጊዜ ገባ። ልጆቹ ተንጫጩበት፤ ራት ላይ አብሯቸው ቀረበ። የልጄ ወንበር ባዶ ነበር። መንገድ ማዶ፣ በገዛ መኪናዋ፣ የሰው ልብስ እየጨረሰች ነበር።